በአረቄ የታጠበ መርፌ

ሮብሳን መቱ ከተማ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሸከም የሚውል ብርቱ ሰው ነበር። ወገቡን ሲያመው የሥራ ጓደኛው አብደታ በጓሮ በር የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ መርፌ አስለመደው። ሕመሙ ከለቀቀው በኋላም መርፌው አለቀቀውም።

ከሥራ መልስ እሱ፣ አብደታና ሌሎች መርፌ የለመዱ ጓደኞቻቸው ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ክፍል ይሰበሰባሉ። መርፌው አንድ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ሲያልፍ በአረቄ ያጥቡታል፣ አረቄ የማይገድለው ነገር አለ እንዴ እያሉ። ጸጋአብ የሚባል ጓደኛቸው አንድ ቀን የራሱን መርፌ ይዞ ቢመጣ፣ አብረን በልተን ጠጥተን ዛሬ ተጸየፍከን ብለው አኮረፉት። ሮብሳንም አብሮ አኮረፈ። ጸጋአብ በዚያው ቀረ።

ሮብሳን ትኩሳቱ አልበርድ ብሎት ጤና ጣቢያ ሲሄድ በደሙ ኤች አይ ቪ ተገኘ። ነርሷ ሲስተር ገለኔ አረቄ መርፌ ውስጥ የቀረ ደም እንደማያነጻ ነገረችው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ ብዙ ዘመን እንደሚኖርም አስረዳችው።

"ባለቤትህስ?" አለችው ቀጥላ።

ባለቤቱ ዓያንቱ ነፍሰ ጡር ናት። በእርግዝናዋ መጀመሪያ ተመርምራ ነጻ ነሽ ተብላለች፤ ስለዚህ ልቧ ሙሉ ነው። እሱ ዝም ካለ ቫይረሱ ለልጁም ሊተርፍ ይችላል፤ ከተናገረ ትዳሩ ሊፈርስ ነው። ፈራና ነገ፣ ነገ እያለ ሰነበተ።

አንድ ጠዋት ዓያንቱ ለሚወለደው ልጅ የገዛችውን ትንሽ ሹራብ ሮብሳን ደረት ላይ ዘርግታ እያየች ሳቀች። ሮብሳን አልቻለም፤ ሁሉንም ነገራት።

አላለቀሰችም። "እነሱን እምቢ ለማለት አፈርክ። ለእኔ ለመንገርም አፈርክ። የአንተን እፍረት ይሄ ልጅ ለምን ይክፈል?" አለችው። ነጠላዋን አንስታ ወደ ጤና ጣቢያው ቀድማው ሄደች።

ቫይረሱ በእሷም ደም ተገኘ። መድኃኒቱን የዚያኑ ዕለት ጀመረች። ልጁ ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል፣ ቁርጡ ግን ከተወለደ በኋላ በምርመራ እንደሚለይ ተነገራቸው።

አመሻሹ ላይ ሮብሳን ወደዚያች ክፍል ገባ። አብደታ መርፌውን በአረቄ አጥቦ ዘረጋለት።

"ኮቱ፣ ና፣ ያንተ ተራ ነው።"

"እኔም ሚስቴም ቫይረሱ አለብን" አለ ሮብሳን። "ያመጣብን ይሄ መርፌ ነው። ነገ ሁላችሁም ተመርመሩ፤ እኔ እወስዳችኋለሁ።"

አብደታ መርፌውን መሬት አስቀምጦ የሰበሰበውን እጅጌ ወደ ታች ሳበ።

"የእኔዋም አርግዛለች" አለ።