ከሦስት እስከ አምስት ተኩል

«ወረፋዬን ታዪልኛለሽ አይደል? ሰልፉ ሲሄድ የጤፍ ማዳበሪያዬን መግፋት ብቻ ነው!» አለች መቅደላዊት፣ መልሱን ሳትጠብቅ ከወፍጮ ቤቱ እየወጣች።

«እሺ» አለች ከኋላዋ የተሰለፈችው ብርቄ። የክፍሏ ልጅ ናት፤ ከእንፍራንዝ ገጠር መጥታ፣ ጎንደር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቃል ከአፏ በልመና የሚወጣ ዓይነት ልጅ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መምህር ህሩይ «ቀናችሁን ራሳችሁ ካላቀዳችሁት ሌላ ሰው ያቅድላችኋል» ካሉ ወዲህ መቅደላዊት ያለ ፕሮግራም ውሃ እንኳ አትጠጣም። የዛሬዋ ቅዳሜ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ተሸንሽና አልጋዋ ራስጌ ተለጥፋለች፤ ከሦስት እስከ አምስት ተኩል ሒሳብ ይላል። ችግሩ ወፍጮ ቤቱ ነበር። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ጤፉ ዛሬ ካልተፈጨ ደግሞ የሚቦካ ዱቄት የለም። የቅዳሜ ወረፋ ግማሽ ቀን ይበላል። መቅደላዊት ግን ዐሥር ደቂቃ ብቻ መደበችለት። በወፍጮ ቤቱ ደንብ ማዳበሪያ ባለቤቱን ይወክላል፤ ከኋላ ያለው ሰው ይገፋለታል።

ያሰበችው ሁሉ ሠመረላት። ሃያ ሦስት ጥያቄ ሠርታ፣ መጽሐፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ እያንጎራጎረች ተመለሰች።

ለካ መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ኖሮ ሰልፉ ገና ነው። ብርቄ ፊቷም ሹሩባዋም ዱቄት ለብሶ፣ ሁለቱን ማዳበሪያ በየተራ ስትጎትት አገኘቻት።

«አቦ፣ ፕሮግራሜ ዛሬ ቀውጢ ነው! ሃያ ሦስት ጥያቄ ሠራሁ። አንቺስ?»

«እኔማ ምን ሠራሁ ብለሽ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ትሄጂ አልነበር?»

«እሄዳለሁ እንጂ። የሒሳብ መጽሐፍ የለኝ፤ እዚያ ነው የማነበው። ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ታዲያ ምነው ማዳበሪያሽን ትተሽ አልሄድሽ?»

ብርቄ ከኋላዋ ወደ ቆሙት አሮጊት ሰረቅ አድርጋ አየች። «እሳቸውን ለመንኋቸው። ወገቤን ያመኛል፣ ከራሴ ሌላ አንድ እንጂ ሁለት መግፋት አልችልም አሉኝ። ያንቺን ጥዬ እንዴት ልሂድ? እሺ ብዬሽ የለ?»

መቅደላዊት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ፤ በጣም አፈረች። ሰዓቷን ስታይ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ፒያሳ ነው፤ ብርቄ በሩጫም አትደርስበትም። በፕሮግራሟ ላይ ቀጥሎ ያለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳይንስ ነበር።

«ተረኛ! ምን ያፈዛችኋል?» ብለው ጮኹ ባለወፍጮው አያ የሻው።

መቅደላዊት ቦርሳዋን ከፍታ የሒሳብ መጽሐፉን አወጣች።

«እንኪ። እስከ ሰኞ አንቺ ጋ ይሁን። አሁን ሂጂና አንብቢ፤ ዱቄትሽን እቤትሽ አመጣልሻለሁ።»

«ፕሮግራምሽስ?»

«ሂጂ ብዬሻለሁ ብርቄ፣ ጊዜ አታባክኚ!»

ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። መቅደላዊት በቅድሚያ የብርቄን ማዳበሪያ ጎትታ ከራሷ ፊት አስቀመጠችው። የራሷን አስከተለች። ከዚያም ዞር ብላ አሮጊቷን አየቻቸው።

«እናቴ፣ የእርስዎንም ልጎትትልዎት?»