ስምንተኛው ካርድ

ሀፍሷ ሂሳብ ተሳስታ አታውቅም ይባል ነበር፤ እሷም ካመነችው ቆይታለች። መርካቶ ውስጥ ባለው ኮሌጅ ከሀምዳን ጋር አንድ ዴስክ ላይ ሲመድቧት መጀመሪያ ያየችው ዓይኑን ሳይሆን ደብተሩን ነው። ስርዝ ድልዝ ብቻ! ቀና ስትል ግን ፈገግ ብሎ ያያታል። ከዚያ ወዲያ ደብተርህን ላርምልህ እያለች መጠጋት ለመደች። ስለ ፍቅር ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

መምህር ምንይሉ የሚያለማምዷቸው በካርድ ነበር። ፊቱ ላይ ቁጥር፣ ጀርባው ላይ ጥያቄ። ጥያቄውን የሠራ መልሱ የተጻፈበትን ካርድ ፈልጎ ይገለብጥና ይቀጥላል። ሁሉን በትክክል ከሠራ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ዞሮ መጀመሪያው ካርድ ፊት ላይ ይገኛል። መልሱ ከጠፋ ግን የመምህሩ ቃል አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ራሳችሁን መርምሩ።»

አንድ ሰኞ እያንዳንዱ ተማሪ ለጓደኛው ካርድ ሠርቶ እንዲመጣ ታዘዘ። ሀምዳን አንዋር መስጊድ ጀርባ ካለው የአባቱ ሱቅ፣ ጣቃ ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ካርቶን ስምንት ካርድ ቆርጦ መጣ። የመጀመሪያው ፊት ላይ ቁጥር የለም፤ «አዎ» ይላል። ሀፍሷ እንደ ልማዱ ዘንግቶ ነው ብላ በልቧ ሳቀች። ሰባቱን ሠራች። የሰባተኛው መልስ አራት መጣላት፤ ሳይገለበጥ የቀረው ካርድ ግን ኔጌቲቭ አራት ይላል።

«ምልክቷን ተሳስተሃል» አለችው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

የሀምዳን ፊት ተለዋወጠ። «እሺ... ይቅር» ብሎ ካርዶቹን ትቶላት ወጣ። በማግስቱ መምህሩን ከሌላ ሰው ጋር እንዲመድቡት ለመናቸው።

ሀፍሷ ምን ያህል እንደወደደችው የገባት አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቁጥር ጀምራ በሐሳብ ጭልጥ ትላለች። ዓርብ ዕለት ካርዶቹን አውጥታ ሰባተኛውን እንደገና ሠራችው። ከቅንፉ ፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ዘላታለች። የተሳሳተችው እሷ ናት።

ስምንተኛውን ገለበጠችው። ሂሳብ አልነበረም።

«ሽማግሌ ልላክ?» ይላል።

ለካ ሀምዳን ያኔ ጥያቄውን አንብባ፣ በሂሳብ አሳብባ እምቢ ያለችው መስሎታል። ሀፍሷ ትሳሳታለች ብሎ ማን ያስባል?

ከጁምዓ ሶላት የሚወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እሷ ግን በሕልም እንደሚሄድ ሰው፣ ማን እንደገፋት ሳታውቅ ሱቁ ደረሰች። ሀምዳን ጨርቅ እያጠፈ ነበር።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለችው። «የመጨረሻውን ካርድ የገለበጥኩት ገና ዛሬ ነው።»

እጁ ባለበት ቀረ። «እና... መልሱ መጣልሽ?»

ሀፍሷ ከቦርሳዋ የመጀመሪያውን ካርድ አውጥታ ካጠፈው ጨርቅ ላይ አስቀመጠችለት፣ «አዎ» የሚለውን ወደ ላይ አድርጋ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ የሀፍሷን ቤት አንኳኩ። አንደኛው መምህር ምንይሉ ነበሩ።