ባለ አንድ ጥይት ዝናር

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ የማተርፈው ነገር የለም።

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። ሰሞኑን እዚሁ ቻናል ላይ ስትከራከሩ አነበበችልኝ። "ጥይት የሌለው መሣሪያ ይዞ መዞር ራስን ለመከላከል ይጠቅማል ወይ?" ትባባላላችሁ። ግማሾቻችሁ "ዋናው ማስፈራራቱ ነው" ብላችኋል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ "ጻፊልኝ" አልኳት...

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ 1954 ዓ.ም. ነው። ወሩ ነሐሴ። ቦታው መርካቶ፣ እህል በረንዳ አጠገብ።

ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ስሜ ዱባለ ይባላል። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቆዳ እሰፋለሁ፤ ዝናር፣ የጠመንጃ ማንገቻ፣ የበቅሎ ዕቃ። ታናሽ ወንድሜ ሙሉብርሃን ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን የጋሼ ኸይረዲንን የእህል መጋዘን በቀን ይጠብቃል። በመካከላችን አንዲት ጠባብ መንገድ ብቻ አለች። ከሥራዬ ቀና ካልኩ አየዋለሁ።

ሙሉብርሃን ዘበኝነቱን ያገኘው ጠመንጃ ስላለው ነው። አሮጌ ውጅግራ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። አባታችን ጎጃም፣ ቢቸና ሳለ በመሬት ወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለ። ከሟቹ ትከሻ ላይ የወሰደው ጠመንጃ ይኼ ነው።

አባታችን ሊሞት ሲል በነፍስ አባቱ ፊት ሁለታችንንም አስማለን።

"ይኼ ጠመንጃ ከእንግዲህ ጥይት እንዳይጎርስ። ባዶውን ያዙት። ያየው ሁሉ ይፈራል፤ እናንተም ነፍስ ከማጥፋት ትድናላችሁ" አለን።

መስቀል ስመን ማልን።

የሙሉብርሃንን ዝናር እኔ በእንጨት ሞላሁት። ወይራ ጠርቤ፣ ጥይት አስመስዬ፣ ጫፉን ጥላሸት ቀብቼ ደረደርኩለት። ጋሼ ኸይረዲን እንኳ አላወቀብንም።

በዚያ ክረምት ካገር ቤት የመጣ ዘመድ አንድ ወሬ አመጣ። የሟቹ ልጅ ደም ሊመልስ ወደ አዲስ አበባ ወጥቷል...

"ጠመንጃ አንግቼ እያየኝ አይጠጋኝም" አለ ሙሉብርሃን።

እኔም አመንኩት። ሞኞች ነበርን።

ነሐሴ አንድ ቀን፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ሱቄ ገባ። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ነጭ ኩታ ለብሷል። ውጭ ዝናቡ መንገዱን ማጥ አድርጎታል፤ ኩሊዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው።

የሰውዬውን እግር አየሁ። ጭቃ አልነካውም።

"ዝናር ትሠራለህ?"

"አዎ ጌታዬ። ስንት ጥይት የምትይዝ ላድርግልዎ?"

"አንድ።"

የቀለደብኝ መሰለኝ።

"አንድ ብቻ?"

"አንድ ትበቃኛለች።"

ከኩታው እጥፋት አንዲት ጥይት አውጥቶ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አውራ ጣት የምታክል አሮጌ ጥይት ናት። ቂጧ ላይ በምስማር መስቀል ተጭሮባታል።

"ልኳን በእሷ ውሰድ። ጾሙ ሲፈታ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

"ስምዎን ማን ልበል?"

"ጎበዜ።"

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

"አደራ ናት" አለኝ።

እኛ ቤት አደራ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አደራ የበላ ሰው ዘሩ አይባረክም እየተባልን ነው ያደግነው። ጥይቷን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ። አልገባም። ከሱቄ ክፈፍ ሥር ቆሞ ማዶውን ያያል። ወንድሜን የሚያይ መስሎኝ ነበር... የሚያየው ግን ጠመንጃውን ነው። የሙሉብርሃንን ፊት አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየም።

በሦስተኛው ቀንም መጣ። በአራተኛውም።

በሰባተኛው ቀን መንገዱን ተሻገረ። ወስፌዬን እንደያዝኩ በር ላይ ወጣሁ።

"ወንድም፣ ዝናርህ ሙሉ ናት?" ሲለው ሰማሁ።

"ሙሉ ናት!" አለ ሙሉብርሃን፤ ደረቱን ነፋ።

ሰውዬው ፈገግ አለ። እጁን ዘርግቶ ከዝናሩ አንዷን በሁለት ጣቱ መዘዘ። ሙሉብርሃን ከድንጋጤው የተነሳ አልከለከለውም።

ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተታት።

"ወይራ ናት" አለ።

ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታዋ መለሳት። ልክ እንደኔ አድርጎ፣ ጥላሸቱ እንዳይለቅ ተጠንቅቆ። ሄደ።

ሙሉብርሃን ሮጦ ሱቄ ገባ። ከንፈሩ ደርቋል።

"ዱባለ... አወቀ።"

"ምኑን?"

"ባዶ መሆኑን።"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። ነገ ጠመንጃውን ቤት ትተኸው ና።"

"ሥራዬንስ? ጋሼ ኸይረዲን የቀጠረው ጠመንጃውን ነው እንጂ እኔን ነው እንዴ?"

"እንግዲያው እውነተኛ ጥይት እንፈልግ።"

"መሐላውስ?"

ለካ እንዲህም ይታሰራል... ጠመንጃውን መጣል አይቻልም፣ ማጉረስም አይቻልም።

ነሐሴ አሥራ አምስት፣ የጾሙ መጨረሻ ቀን፣ ሰውዬው ሱቄ ገባ። ዝናሯ አልቃለች። አንዲት ኪስ ብቻ ያላት ቀጭን ዝናር ናት። በጣቱ ዳሰሳት።

"ነገ ወንድምህ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል አይደል?"

"ለምን ጠየቁኝ?"

"በጾም የማይሠራ ሥራ አለኝ" አለ ለስለስ ባለ ድምፅ። "ነገ እወስዳታለሁ።"

ከሄደ በኋላ ጥይቷ መኖሯን መሳቢያዬን ከፍቼ አየሁ።

ማምሻውን ሙሉብርሃን ጠመንጃውን እኔ ጋ አስደግፎ እጁን ሊታጠብ ወጣ። በሩን ገርበብ አደረግኩ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ጥይቷን ይዤ የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ሳብኩ...

ገባች። ምንም ሳታስቸግር፣ ልኳን እንዳገኘች ጫማ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ናት። ሰውዬው መሣሪያ ያልያዘው ስለሌለው አይደለም። መሣሪያውን እኛ ይዘንለት ነበር።

አሁን እናንተ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። "ቦይ ውስጥ አትጥላትም ነበር?" ትላላችሁ። "ለወንድምህ አታጎርስለትም ነበር?" በጥይቷና በጠመንጃው መካከል ለአሥራ አምስት ቀን አንዲት መንገድ ብቻ ነበረች፤ ሁለቱም በእኛ እጅ ነበሩ።

ለአባቴ እንዳይጎርስ ምያለሁ። ለዚያ ሰው አደራ ተቀብያለሁ። ለዘመድ ሁሉ የማወራው ይኼን ነው።

እውነቱን ግን ዛሬ ልናገር። ፈርቼ ነው። ለሙሉብርሃን ብነግረው ይተኩሳል፤ ከተኮሰ ደሙ የኔም ይሆናል። ዝም ካልኩ ግን ለደሙ የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ እተርፋለሁ... እንደዚህ አስቤ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥይቷን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ባለ አንድ ኪሷ ዝናር ውስጥ ከተትኳት።

በማግሥቱ ጠዋት "ዛሬ አሞኛል ብለህ ቅር" አልኩት።

"አንተ ደግሞ! ሲያየኝ የሰነበተ ሰው ዛሬ ምን ያደርገኛል?" ብሎ ጠመንጃውን አነገተ። "ጫማህን ስጠኝ" አለኝ፤ የሱ ውሃ ያስገባ ነበር። ሰጠሁት።

ዘጠኝ ሰዓት።

ሰውዬው መጣ። ጢሙን ተላጭቷል። ዝናሯን ታጠቀ።

"እጅህ ይባረክ። አደራዬን አልበላህም" አለኝ። "አባቴ ሲሞት ዝናሩ ላይ የቀረች ጥይት ናት። ጠመንጃውን ወሰዱበት... እሷ ቀረች።"

ወደ መንገዱ ወጣ።

ሙሉብርሃን አየው። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ደገነ።

"ቁም!"

መንገዱ ባንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ኩሊዎቹ ጆንያ እየጣሉ ሮጡ። ጋሼ ኸይረዲን መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሁሉም የፈራው ጠመንጃውን ነው። ከሰውዬው በቀር...

"ቁም ብዬሃለሁ! እተኩሳለሁ!"

ሰውዬው እርምጃውን አላፈጠነም፣ አላዘገየምም። አፈሙዙ ደረቱን እስኪነካ ድረስ ሄደ። ከዚያ በአንድ እጁ ጠመንጃውን ያዘው።

ሙሉብርሃን ለቀቀለት።

ለምን እንደለቀቀ ስንት ዓመት አሰብኩ። የጠመንጃውን ባዶነት ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው ተሸካሚው ነው።

ሰውዬው ከዝናሯ ጥይቷን አወጣ። ሳይቸኩል አጎረሰ። ሙሉብርሃን ዞሮ ወደኔ አየ።

"ዱባለ..." አለ።

ከደጄ አልተንቀሳቀስኩም።

ከተኩሱ በኋላ ሰውዬው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከቆርቆሮው በሚወርደው ዝናብ እጁን ታጠበ። ወደ አማኑኤል አቅጣጫ ሄደ። ወንድሜ በጀርባው ጭቃው ላይ ወድቋል፤ እግሩ ላይ ያለው የኔ ጫማ ነው።

ጋሼ ኸይረዲን እያለቀሰ ክንዴን ያዘኝ።

"ለምን አልተኮሰም? ዱባለ፣ ለምን አልተኮሰም?"

"ባዶ ነው..." አልኩት።

ክንዴን ለቀቀኝ። "ብትነግሩኝ ኖሮ ዱላ እሰጠው ነበር" አለ። "ዱላ የያዘ ሰው ሲጠቃ መንገደኛው ያግዘዋል። ጠመንጃ ደግኖ ያየነውንማ ማን ይጠጋዋል? እኛን ነው ያባረረው።"

ለዚህ ነው ስትከራከሩ ሳቄ የመጣው። ባዶ ጠመንጃ ወዳጅን ያባርራል፤ ጠላት ባዶነቱን ደርሶበታል።

ጠመንጃውን ፖሊስ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሰውዬውም አልተያዘም።

ከቀብር ስመለስ ሱቄን ከፈትኩ። ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።

ባለ አንድ ኪሷ ዝናር ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች።

ኪሷ ውስጥ ጥይት አለ። አወጣኋት... ያልተተኮሰች ናት። ቂጧ ላይ መስቀል ተጭሮባታል።

እሷው ናት።

ለኔ የተላከች ትሁን፣ እኔ በተራዬ ደም እንድመልስባት የተሰጠችኝ ትሁን፣ አላወቅሁም። መጣል ግን አሁንም አልቻልኩም። የኪሷን አፍ በጅማት ድርብ አድርጌ ሰፋሁት። ሳጥን ውስጥ ከተትኳት። ሳጥኑን ከስድሳ ዓመት በላይ አልከፈትኩም።

ዛሬ ነሐሴ አሥራ ስድስት ነው። ይኼን ስነግራት የልጅ ልጄ ሳጥኑን አውጥታ ከፈተችው። ዝናሯን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ዓይኔ ደክሟል፣ ጣቶቼ ግን ሥራዬን አይስቱም። ስፌቱ የኔው ነው። ጅማቱ አልተፈታም፣ አልተቆረጠም። ቆዳው የትም አልተቀደደም።

ኪሷን ጫን አልኳት።

"አባባ፣ ባዶ ናት እኮ" አለችኝ።

ሰዓቱን ጠየቅኋት። ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

ውጭ እየዘነበ ነው። ከደጃችን ክፈፍ ሥር ነጭ ኩታ የለበሰ ሰው ተጠልሏል፤ ትከሻው ላይ አሮጌ ጠመንጃ አንግቷል ትለኛለች።

እግሩን ጭቃ ነክቶት እንደሆነ እዪልኝ አልኳት...

በመስኮት አየችና ሮጣ በሩን ቀረቀረችው።