ኮምፒውተሩ ያላለው

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አራት ሲደርስ አባቷ ጋሻዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰርካለም አላየችውም። ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ አቅፋ ጥቁሩን ስክሪን ብቻ ታያለች። ቀነ ገደቡ ነገ ጠዋት ነው። መብራት ዛሬ ከሄደ የስድስት ቀን ልፋቷ ገደል ገባ።

«ጨረሰ?» አለ አባቷ።

«ሊጨርስ ነው።»

ገብቶ ከጎኗ ቆመ። ከማሳው መምጣቱ ነው፤ በመዳፉ አፈር ይዟል። ሲጨብጠው ይያያዛል፣ ጣቶቹን ሲከፍት መልሶ ይፈረፈራል። ከአራት ቀን በፊት አንድ ጥሩ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ዝም ብሏል። የፍላቂት አካባቢ ገበሬ በሙሉ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የበልጉን ገብስ አሁን ይዝራ ወይስ ይጠብቅ? አሁን የዘራ ዝናቡ ካልተደገመለት ዘሩን ያጣል። የጠበቀ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለችው እርጥበት ታመልጠዋለች፤ በልግም ለዘገየ ሰው አይመለስም።

ቁጥሩ መቶ ሞላ። ከሥሩ አንዲት አጭር መስመር መጣች፤ ሥራው ተጠናቋል ትላለች።

ሰርካለም ይህችን መስመር ለማየት ሦስት ወር ፈጅቶባታል።

ላፕቶፑ የአጎቷ የወርቅአገኘሁ ነበር። ወርቅአገኘሁ ላሊበላ አስጎብኚ ሳለ የእንግዶቹን ፎቶ ያስቀምጥበት ነበር። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ፣ ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ እያለ ሁለት ዓመት ጠበቀ። በመጨረሻ ላፕቶፑን ለእህቱ ልጅ ትቶ ሥራ ፍለጋ ወደ አዳማ ሄደ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም አብሮ ድርግም ይላል።

ኅዳር ላይ የአይሲቲ መምህራቸው ምሥጋናው ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ነገር ነገራቸው። በብዙ አገር ያሉ ሰዎች የቤታቸው ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ ለሳይንቲስቶች ያውሱታል። አንድ ትልቅ ስሌት በብዙ ሺህ ቁራጭ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ቤት አንዷን ቁራጭ በኢንተርኔት ተቀብሎ ያሰላል፤ መልሱን ልኮ ሌላ ይቀበላል። ክፍያ የለውም፤ በፈቃድ የሚሠራ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የአፍሪካን ዝናብ የሚመለከት ነበር። ሰርካለም እጇን አውጥታ ታዲያ መቼ እንደሚዘንብ ይነግረናል ወይ ብላ ጠየቀች። መምህሩ እንደማይነግር አስረዳት። የሚሰላው ያለፉት ዓመታት ሰማይ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ከእሱ ተምረው ምናልባት ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሻለ ትንበያ ይሠሩ ይሆናል። «እናንተ ጋ የሚመጣው ቁራጭ ለብቻው ምንም አይናገርም» አላቸው። ሰርካለም ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

መጀመሪያ የሞከረችው በነበረው ዊንዶውስ ነው። ላፕቶፑ ለመክፈት ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ካለው ትንሽ ሚሞሪ አብዛኛውን ዊንዶውሱ ለራሱ ይይዝና ስሌቱ በተረፈው ይንፏቀቃል። እያንዳንዱ ቁራጭ የሰባት ቀን ገደብ አለው። የመጀመሪያው በሰባተኛው ቀን ስልሳ አንድ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ሰማንያ ላይ ደርሶ ሳለ ዊንዶውሱ አፕዴት አደርጋለሁ ብሎ ራሱን አጠፋ፤ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ክቧ ስትሽከረከር ውላ አደረች። የባሰው ደግሞ ኢንተርኔቱ ነው። ሰርካለም ሥራ የምትቀበለውም ውጤት የምትልከውም በጓደኛዋ በነጅሚያ ስልክ ነበር። የነጅሚያ አባት መንገድ ዳር ሱቅ አለው፤ ስልኳ ዳታ አያጣም። አንድ ቀን ከላፕቶፑ ጋር ባገናኙት በደቂቃ ውስጥ ዊንዶውሱ የሳምንት ዳታዋን ለራሱ አፕዴት ጨረሰው።

«ይሄ ነገርሽ ጅብ ነው እንዴ?» አለች ነጅሚያ ስልኳን እየነቀለች። «የፋራ ነው በቃ፣ ቀይሪው።»

ምሥጋናው ላፕቶፑን አየውና ሳቀ። ኮምፒውተሩ ሰነፍ እንዳልሆነ፣ ጭነቱ ብቻ እንደበዛበት ነገራት። ቅዳሜ ዕለት ሊኑክስ የሚባል፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚገባ ቀላል ሥርዓት በፍላሽ ይዞ ቤታቸው መጣ። የአጎቷን ፎቶዎች ወደ ፍላሽ ገለበጡና ዊንዶውሱን ከሥሩ አጠፉት። እናቷ አመተ ጊዮርጊስ፣ ደህናውን ዕቃ ሊያበላሹት ነው ብላ ጥግ ቆማ ስታይ ነበር። አዲሱ ስክሪን ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ግን በሁለት ደቂቃ ይከፈታል። ካልታዘዘ አፕዴት አያወርድም፤ ሲነሳም የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ስሌቱን ከቆመበት ይቀጥላል። ሰርካለም ትምህርት ቤት ሆና መብራት ሄዶ ከተመለሰ እናቷ ቁልፉን መጫን ብቻ ይበቃታል። አመተ ጊዮርጊስም ለመደችው። ማራገቢያው ሲጮህ ስትሰማ «አቃሳቹ ተነሣ» ትላለች።

በሊኑክስ የጀመረችው ቁራጭ ይኸው በስድስተኛው ቀን መቶ ሞላ።

«እና ምን ይላል?» አለ ጋሻዬ።

ሰርካለም ቀና አለች። አባቷ እንደዚያ አይቷት አያውቅም። የአገር ሽማግሌ ሊናገር ሲል እንደሚጠበቀው አድርጎ ይጠብቃታል። በዚህ ስድስት ቀን ከማሳ በተመለሰ ቁጥር ስንት ደረሰ ይላል፤ ልጄ የዝናብ ስሌት እየሠራች ነው ብሎ ለጎረቤታቸው ለታፈረ ሲነግረውም ሰምታለች። አሁን ምንም አይልም ብትለው ያ ሁሉ ቀን ለምን ነበር ይላል። ደብተሯ ላይ የጻፈችውን አልዘነጋችውም። አንደበቷ ግን ቀደማት።

«ይዘንባል» አለች። «ሳምንት አይሞላውም።»

ጋሻዬ ራሱን ነቀነቀና አፈሩን በሩ ሥር በትኖ ወጣ። በማግስቱ ጠምዶ ዘሩን በሙሉ ዘራ። ማሳው ከእነሱ ጋር የሚዋሰነው ታፈረም ይህን ሰምቶ ከጎተራው አውጥቶ ዘራ። ሰርካለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያርሱ አየች። ሊዘንብም እኮ ይችላል አለች ለራሷ። በየቀኑ ይህንኑ አለች።

ገብሱ በቀለ። አፈሩ ውስጥ የነበረችው እርጥበት ለዚያ በቅታለች። ማሳው ለጥቂት ቀን ስስ አረንጓዴ ለበሰ፤ እናቷም ተመስገን አለች። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ደመና ጠዋት ጠዋት ሰኞ ገደል ከሚባለው ቦታ በላይ ይሰበሰብና እኩለ ቀን ሳይሆን ይበተናል። በሁለተኛው ሳምንት የቡቃያው ጫፍ ቢጫ ሆነ፤ በሦስተኛው ሲነኩት የሚሰበር ገለባ። ያን ሰሞን ነጅሚያ በስልኳ የመጣ መልእክት አሳየቻት። የሰርካለም ውጤት ሌላ አገር ያለ ሰው ካሰላው ጋር ተመሳክሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል። ሰርካለም አንብባ ስልኩን መለሰችላት። ቤት ገብታም ላፕቶፑን ከሶኬቱ ነቀለችው።

አባቷ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ማታ ራት ላይ፣ መሣሪያ ነው፣ ሰው የሠራው ይሳሳታል፣ አንቺ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ አላት። በሳምንቱ ሽንኩርት ማሳ ላይ የቀን ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ አንድ ጋቢና አንድ ዶማ ይዞ ቆቦ ወረደ። ለፋሲካ እመለሳለሁ ብሏል።

ሰርካለም እውነቱን የነገረቻት ብቸኛ ሰው ነጅሚያ ናት። ነጅሚያ ብዙ አልፈጀችም፤ ዝም በይ አለቻት። ማሽኑ ተሳሳተ ብለው አምነዋል፤ ማሽን አይከሰስ፣ ማሽን አያፍር። «ብትናገሪ ዘሩ ይመለሳል? አይመለስም። ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ታፈረ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ገባና መደብ ላይ ተቀመጠ። አመተ ጊዮርጊስ ውኃ ሰጠችው። ስለ ጋሻዬ ደህንነት ጠየቀ፤ ስለ ከብቶቹ አወራ፤ የበሬዎቹ ጎድን መቆጠር መጀመሩን ተናገረ። ከዚያ ወደ ሰርካለም ዞረ። ያመጣው ጉዳይ ከእሷ ጋር ነበር።

«ግማሽ ጆንያ ዘር ቀርቶኛል» አላት። «ልጆቹ ይብሉት ወይስ ልዝራው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ያን ኮምፒውተር እንደገና ጠይቂልኝ ልጄ። አንዴ ቢስት ሁለቴ አይስትም።»

ሰርካለም ወደተነቀለው ላፕቶፕ አየች። ተበላሽቷል ማለት ይቻላል፤ ነጅሚያ ብትሆን ይህን ነው የምትለው። ሌላም አለ። አይዘንብም ብትለው ግማሽ ጆንያው ይተርፋል፤ ልጆቹም ይበሉታል። ይህኛው ውሸት ደግሞ ደግ ውሸት መሰላት። አፏን ልትከፍት ስትል ግን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቢዘንብስ አለች በልቧ። ታፈረ ባዶ ማሳው ዳር ቆሞ ዝናቡን ሲያይ ታያት። አታውቅም። ያኔም አታውቅም ነበር።

«አያ ታፈረ፣ ኮምፒውተሩ ያኔም ምንም አላለም» አለች። «ይዘንባል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንብበሽ ነዋ።»

«አላነበብኩም። እሱ የሚያሰላው ያለፈውን ዘመን ነው። ስለ ዘንድሮ የሚያውቀው ነገር የለም። አባዬ ሲጠይቀኝ ከራሴ ነው ያልኩት።»

አመተ ጊዮርጊስ የውኃውን ጣሳ እንደያዘች ቀረች። ታፈረ ባርኔጣውን አነሣ። ጫፉን በአውራ ጣቱ እያሻሸ አዞረው፣ አዞረው።

«ለምን?» አለ በመጨረሻ።

ሰርካለም መልስ ፈለገች። ስድስት ቀን ስለለፋች? አባቷ እንደ ትልቅ ሰው ስላያት? አፏ ላይ ሲደርስ ሁሉም ለአንድ ማሳ ዘር የማይመጥን ሆነባት። ታፈረም መልሱን አልጠበቀም። ተነሣና ባርኔጣውን ደፋ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጋሻዬ ያውቃል?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አያውቅም።

«እንግዲህ እዚያ ቆላ ወርዶ መሣሪያ ሲረግም ይከርማል» አለና ወጣ። እናቷ ደህና ይዋሉ ስትለው ግቢውን አልፎ ነበር። ግማሽ ጆንያውን ይዝራው ይብላው አልተናገረም፤ ሰርካለምም ከዚያ ቀን በኋላ ልትጠይቀው አልደፈረችም።

እናቷ ጣሳውን ቦታው መለሰች፤ ቤቱን ጠረገች፤ የተጠረገውን መልሳ ጠረገች። ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ አባትሽ ለፋሲካ ሲመጣ ትነግሪዋለሽ፣ አሁን በሰው አገር ልቡን አትስበሪው አለቻት። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ፋሲካ ደግሞ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ በሦስት ሳምንት ብዙ ነገር ይረሳል።

ሰርካለም የእናቷን ስልክ ከመስኮቱ ላይ አነሣችና ወደ ጓሮ ወጣች። ከጓሮው ማሳው ይታያል። የታፈረ ፍየሎች ገብተውበታል፤ የሚያባርራቸው የለም፣ ለምን ይባረራሉ። ቁጥሩን ነካች። ጠራ፣ ቆየ፣ ጠራ። አታነሣው አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲያነሣው ፈለገች።

ተነሣ። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅና የውኃ መሳቢያ ሞተር ይሰማል። አባቷ እንደምን አላችሁ እንኳ አላለም።

«ዘነበ እንዴ?» አለ።

«አልዘነበም፣ አባዬ» አለች ሰርካለም። «የምነግርህ ነገር አለኝ። ከሰዎቹ ትንሽ ራቅ በልልኝ።»