ጠጥቷል?

«ጠጥቷል?» ሲል ጮኸ ቱርቦ ከደጅ።

«ጠጥቷል!» አለች ሚዛን ከመጋዘኑ ውስጥ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ። የአሮጌውን ጄት ስኪ ካንዴላ እያጠበቀች ነበር፤ ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል።

ቃሏን የፈጠሯት እነሱ ናቸው። ጄት ስኪው፣ ማለትም ይህ ውኃ ላይ የሚነዳ ሞተር ሳይክል፣ ቱ ስትሮክ ነው፤ ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ መግባት አለበት። ድሮ ዘይቱን ለብቻ የሚመግበው ትንሽ ፓምፕ ነበረው፤ የቀድሞው ባለቤት ግን ነቅሎ ጥሎታል። ስለዚህ ለአርባ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ሰማያዊ ዘይት እየተለካ በጀሪካን ይቀላቀላል። ዘይት የገባበት ጀሪካን «ጠጥቷል» ይባላል፤ ያልገባበት «ገና ጠምቶታል»።

መለካቱ የሚዛን ሥራ ነው። ስሙንም ያወጣችላት አክስቷ ነች፣ ይህች ልጅ ከጠብታ ጋር ትጣላለች ብላ። የአክስቷ ልጅ ቱርቦ ደግሞ እግሩ ከጭንቅላቱ የሚቀድም ልጅ ነው። ባለፈው ወር ሞተሩን ከሚያቀዘቅዘው ውኃ ውጭ ሲያስጮኸው ቆይቶ የጭስ ማውጫውን ጎማ አቃጥሎታል። እናቱም «አንድ ጥፋት ብትደግም ከዚህ ሞተር አጠገብ እንዳላይህ» ብላዋለች። እሷ ስትናገር ደግሞ ለማስፈራራት ብቻ አይደለም።

ዛሬ ከብዙ ወራት ጥገና በኋላ አክስቷ ራሷ ልትሞክረው ነው። ከሠራ፣ ሐይቁ ላይ ሰው እያዝናናች የራሷን ሥራ ትጀምራለች። ካልሠራ፣ ወገቧን ወደ ጨረሰው የስፌት ፋብሪካ መመለሷ ነው። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም።

ቱርቦ ታንኩን ሞልቶ ጄት ስኪውን ሐይቁ ውስጥ አስገባው። አክስቷ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን አጥብቃ ወጣችበት። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመ፣ ደገመ፣ ተነሣ። ዳር የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ።

«አይ ሞተር!» አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ። «ጭስ የሚባል ነገር የለውም እኮ! አዲስ በሉት!»

ሚዛን ልታጨበጭብ ያነሣችው እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ዘይት የጠጣ ሞተር፣ ያውም እንዲህ ያረጀ፣ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ መትፋት አለበት። ይህኛው ምንም አልተፋም።

ወደ መጋዘኑ ሮጠች። ጠዋት የቀላቀለችው ቢጫ ጀሪካን እስከ አንገቱ ሞልቶ እንደተቀመጠ ነው። ክው አለች። እሷ «ጠጥቷል» ያለችው ስለዚህኛው ነበር።

ቱርቦ ተከትሏት ደረሰ። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«የትኛውን ነው የሞላኸው?»

«አሁን ከማደያ ያመጣሁትን ነዋ። ‹ጠጥቷል?› ስልሽ፣ ‹ጠጥቷል› አላልሽኝም?» ከዚያ ዓይኑ ቢጫው ጀሪካን ላይ ዐረፈ። «በናትሽ...»

«ፊሽካውን ንፋ! ታጥፋው!»

ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ቱርቦ ያዘው እንጂ አልነፋውም።

«ስሚኝማ። ውስጡ የቀረው ዘይት ትንሽ ይይዘዋል። ስትመለስ ቀስ ብለን እንቀይረዋለን። ቢቃጠል እንኳ አሮጌ ሞተር ነው፣ ማን ይጠረጥራል? እሷ ካወቀች እኔ አለቀልኝ። ያንቺም ስም አብሮ ይሄዳል። ዝም አይነቅዝም።»

ሚዛን ወደ ሐይቁ አየች። ቱርቦ ክረምቱን ሙሉ ያንን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው የከረመው፤ እሱን ማስባረር አልፈለገችም። ሚዛን የሚለውን ስሟንም ትወደዋለች። ደግሞ እውነቱን ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ከውጭ የሞተሩ ድምፅ ሲሄድ ይሰማታል። ፒስተኑ እየጋለ ነው።

«ዝም ባይነቅዝም ፒስተኑ ይነቅዛል» አለችና ጥላው ወጣች።

ከነጫማዋ ውኃው ውስጥ ገባች። ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አጣምራ አወዛወዘች፤ «አጥፊው» ማለት ነው። አክስቷ ግን ደስታው ሞቅ አድርጓታል፤ ሰላምታ መስሏት በአንድ እጇ መለሰችላትና ጭራሽ ፍጥነት ጨመረች። ሚዛን እስከ ወገቧ ገባች። «አክስቴ! አጥፊው!» ብትል ማን ይስማት። እንባዋ መጣ።

ከኋላዋ ፊሽካ ጮኸ። አንዴ ረዘም አድርጎ፣ ከዚያ ደገመው፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ነፋው። ቱርቦ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ጉንጮቹ ቀልተዋል።

አክስቷ የማጥፊያውን ገመድ መዘዘችው። ሐይቁ ጸጥ አለ። ዓሣ አጥማጁ በጀልባው ጎትቶ አመጣት።

«ምን ሆናችሁ ነው? ነፍሴን አወጣችሁት እኮ!»

«ታንኩ ውስጥ ያለው፣ ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ነው» አለች ሚዛን። «ጠጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ዞር ብዬ አላየሁም።»

ቱርቦ አሸዋውን በእግሩ ጣት ሲቆፍር ቆየ። «የቱ ብዬ ያልጠየቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ካወቅሁ በኋላም ልደብቅሽ ነበር፣ እማ።»

አክስቷ ካንዴላዎቹን ፈትታ ሞተሩን በእጇ ገፋ አደረገችው። ፒስተኑ ግሎ ተጣብቆ ከሆነ አይዞርም። ሞተሩ ያለምንም ችግር ዞረ።

«ተርፏል» አለች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማችሁም? ‹የቱ› የምትል አንዲት ቃል ከአፋችሁ ምን አጣች? አንተ ልጅ፣ ከአንተ ጋር ቤት እንነጋገራለን። አሁን ታንኩን አራግፉ።»

ጄት ስኪውን መጋዘኑ ውስጥ አስገብተው አራገፉት። ቱርቦ ቢጫውን ጀሪካን ተሸክሞ መጣ።

«ጠጥ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ይሄ፣ እጄ ላይ ያለው፣ ቢጫው፣ ዘይት ገብቶበታል?»

ሚዛን ልትመልስለት አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ነጩን ኩባያ አንሥታ ከጀሪካኑ ትንሽ ቀዳችበትና ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወጣች። ቱርቦም አጠገቧ ቆሞ አጎንብሶ አየ።

ሰማያዊ ነበር። የታንኩን ክዳን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።