ጭራቁ የሚተነፍስበት

ሽማግሌው ተዋናይ የሞተው የጭራቅ ልብስ እንደለበሰ ነበር።

በወጣትነቱ ከሌላ ዓለም የመጣ አውሬ ሆኖ የሠራበት ፊልም ስንቱን ሲያባንን ኖሯል። አሁን የእህቱ ልጅ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ዶክመንተሪ ስትቀርጽ፣ «ያንኑ ልብስ ለብሼ ልናገር» ብሏት ነበር። ከምሳ በኋላ ስትገባ ወንበሩ ላይ ደርቆ አገኘችው። ሁሉም «ልቡ ነው» አለ።

ለምርመራ የተጠራችው ኢንስፔክተር ግን መቀመጥ አልሆነላትም። መልበሻ ክፍሉን ወዲያ ወዲህ ትለዋለች፤ የጎማውን ቆዳ ትዳብሳለች፤ በሩን ከፍታ ትዘጋለች። በመጨረሻ የጭራቁን ክንድ አነሳችና ከብብቱ ስር እፍኝ የሚሆን ጥጥ ጎትታ አወጣች። ለማንም ትንፍሽ ሳትል በላስቲክ ጠቀለለችው።

መጀመሪያ የፊልሙን ልብስ ሰፊ ጠራች።

«እትዬ፣ ማን አለበሰው?»

«እኔው ነኝ። ቀድሜ ልላመደው ሲለኝ ዚፑን ከኋላው ዘጋሁለት። ከዚያ ልጅቷ ለቃለ መጠይቅ ጠራችኝ፤ እሱ ሞቶ እስኪገኝ ከካሜራዋ ፊት አልተነሳሁም።»

«ጭራቁ በየት ነው የሚተነፍሰው?»

«ድሮ በአፉ ነበር። አሁን የአፉ ጎማ ደርቆ ተጣበቀ፤ እሱ ደግሞ አስም አለበት። ዛሬ ጠዋት ብብቱ ስር ቀደድኩለት። ከሁለታችን በቀር የሰማ የለም።»

የእህቱ ልጅ ዓይኗ ቀልቷል። ለዚያው ጥያቄ፣ «በአፉ ነዋ፤ ፊልሙ ላይ እንፋሎት ሲወጣው ይታያል» አለች። ቀጥላም፣ «ዛሬ ስለ እናቴ አንድ ነገር ሊናገር ነበር። ካሜራ ፊት ካልሆነ አልልም አለኝ» አለች።

ለዶክመንተሪው የተጋበዘው የድሮው ፊልም ዳይሬክተር፣ አዛውንቱ፣ ከዘራውን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ መጣ።

«መልበሻ ክፍሉ ደጃፍ አልደረስኩም። እግሬን ያመኛል።»

«ልብሱንስ አይተውታል?»

«ከፊልሙ ወዲህ ዓይኔ አላረፈበትም፣ ልጄ።»

ስለ ድሮው ቀረጻ ጥቂት አጫወተችው። ሊነሳ ሲል እንደ ዋዛ፣ «እንዲህ ባለ ጎማ ውስጥ ሰው በየት ይተነፍሳል?» አለችው።

«ብብቱ ስር ቀዳዳ አለው» አላት።

ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ጥጡንም አሳየቻቸው።

«ሰውዬውን የገደለው ይኼ ነው። እጁ ላይ የጎማ ጥፍር አለ፣ ዚፑ ከኋላ ነው፤ ራሱን ማዳን አይችልም። ፊልሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው አፉን በደፈነ ነበር። ብብቱን የደፈነው ግን ልብሱን ዛሬ ቀርቦ ያየ ነው። እትዬና ልጅቷ አብረው እንደነበሩ ካሜራው ይመሰክራል። እርስዎ ግን ጋሼ፣ ልብሱን ከድሮ ወዲህ አላየሁም ብለው ዛሬ የተቀደደውን ቀዳዳ ነገሩኝ።»

አዛውንቱ ወደ በሩ ተመለከተ። ፖሊስ ቆሞበታል።

«ጭራቁን የፈጠረችው እህቱ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ታሪኩም የሷ ነው፤ ዝናው ግን የኔ ሆነ። እኔ እስክሞት ዝም በል ብዬ ለመንኩት፤ አሻፈረኝ አለ። ሊነሳ ሲል ክንዱን ተጭኜ ቆየሁ።»

«እናቴም እኮ እስክትሞት ዝም ብላልዎት ነበር፣ ጋሼ» አለች የእህቱ ልጅ። ካሜራውን ወደ እሱ አዞረች። «አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ።»

ፖሊሱ ሊይዘው ተራመደ። ኢንስፔክተሯ እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«ይጨርስ» አለችው።