ከደሴቱ የመጣው ድንጋይ

ሰፈራችን ውስጥ ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ እኔ የምፈራው መኪናና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፣ ሌላውን ለአላህ ትቼ የምተኛ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ማንም ይሳቅብኝ፣ የሆነውን እነግራችኋለሁ።

ልጄ ነጃት ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ስለ ድንጋይ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ግን ስታስረዳኝ ይገባኛል። ሩቅ አንድ ሐይቅ አለ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ደሴት፣ ደሴቱ ደግሞ ድሮ እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ጫፍ ነው አለችኝ። ከዚያ ያመጣችው ድንጋይ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ከመቅለሉ የተነሳ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። «የቀለጠው ድንጋይ እንደ ወተት ገንፍሎ ሳለ ድንገት ሲቀዘቅዝ፣ አየሩ ውስጡ ይቀራል» አለችኝ። እኔ ምኑን አውቄ፣ ተረከዜን ፈተግኩበት።

«እማ! ይሄ እኮ ለጥናት ነው!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ «በቃ ያንቺ ይሁን፣ ተረከዝሽ ዲግሪ ይያዝበት።»

ለሁለተኛ ጊዜ ልትሄድ ስትነሳ ግን ተጣላን፣ ምክንያቱም በዚህኛው ጉዞ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ደሴቱ ላይ ሊያድሩ ነው።

«ተራራው ከተኛ እኮ ስንት ሺህ ዓመቱ ነው፣ እማ።»

«የተኛ አይነቃም?»

«እኔን ጠብቆ ነው የሚነቃው? ኧረ አታካብጂ!» ብላ ሳትስመኝ ወጣች።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እግሬን ልታጠብ ከጄሪካኑ ውሃ ሳፋ ውስጥ ገለበጥኩና ድንጋዩን ጣል አደረግኩት። ፎጣ ላነሳ ዞር ስል ትሽ፣ ትሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከቀዳዳዎቹ አረፋ ይወጣል፣ ውሃ ሲገባበት አየሩ ይወጣል ብላኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ቀስ በቀስ ግን ድምፁ ረዘመ፣ አንዴ ረጅም፣ ከዚያ ዝም፣ እንደገና ረጅም፣ ልክ ከጎናችሁ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው። እጄን ስነክር ውሃው ለብ ብሏል፣ ወላሂ፣ መጀመሪያ ሕፃን የሚታጠብበት ያህል፣ ከዚያ እጄን እስካወጣ ድረስ እየባሰበት ሄደ፣ ቤቱም የተጫረ ክብሪት ሸተተኝ። እሳት አልለኮስኩም፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር።

ጎረቤቴን እትዬ አልጋነሽን ጠራኋቸው። እጃቸውን ነከር አደረጉ።

«አንቺ የነጃት እናት፣ ይሄማ በረዶ ነው! የፈላው ያንቺ ጭንቀት ነው!»

እሳቸው ሲስቁ ድንጋዩ ማንም ሳይነካው፣ ከታች የጎተቱት ይመስል ሰመጠ። «እሱም ሰልችተሽው ነው» ብለው ሄዱ። ነጃት ጋ ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ አይሠራም።

ጠዋት ከደሴቱ እንደወጡ ራሷ ደወለች።

«እማ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ጠርተሽኝ ነበር እንዴ?»

«ስልክሽ መቼ ሠራና!»

«በስልክ አይደለም» አለች። «ተዪው በቃ።»

ስትመጣ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሻይ ፈሶብኝ ነው አለች። ማን አምኖ!

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለብዙ ወራት እዚያው ደሴት ልትቀመጥ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ዱዓ ሳላደርግላት ከቤት ወጥታ አታውቅም፣ ከዚያ ከተጣላን ቀን በቀር፣ ስለዚህ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«መጀመሪያ ያን ዕለት ምን እንደሆንሽ ንገሪኝ» አልኳት።

«ምንም አልሆንኩም፣ እማ።»

«እንግዲያው እኔም የምለው የለኝም።»

አየችኝ፣ አየኋት። ውጭ የታክሲው ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሻንጣዋን በደህናው እጇ አንስታ ወጣች።

እዚያ ኔትወርክ የለም ይሉኛል፣ ይሁን። ዱዓውን በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ እዚያው ቆሜ አደረግኩላት። በጊዜ ደርሷት እንደሆነ እንጃ።